ጅራታሙ ኮከብ የወጣበት ጥቅምት

ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሁድ

ጻፊ። ቢስሚላሂ ብለሽ ጻፊ።

እኔ ሙህሲን ፊደል አልቆጠርኩም። አላፈርኩበትም። የራያን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ላይ ማስተኛት ከፊደል ይከብዳል፤ እሱን ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ። አሁን ግን ቃሌን የሚይዝልኝ ወረቀት ፈለግሁ። ትናንት ማታ ለሽማግሎች የተናገርኩት ዛሬ ከቆቦ ሌላ ሆኖ ተመለሰብኝ። "ሙህሲን እርቁን አፈረሰ" ተባለ። አላፈረስኩም። "ይቆይ" ነው ያልኩት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከዛሬ ጀምሮ የምለውን የልጅ ልጄ ኢስራ ትጽፈዋለች። የሚያጣምም ካለ ይነበብለት።

"አባባ፣ ይሄ እኮ የጥናቴ ደብተር ነው" ትላለች። ከኋላ ጀምሪ አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢስራ ወንድም መህዲ፣ ያኔ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ ጎርፍ በመጣ ቀን ቦዩ አፍ ላይ ከአንዷለም ጋር ተጣላ። ውሃው ወደኔ፣ የለም ወደኔ። በአካፋ እጀታ መታው። አንዷለም አልተነሳም። የጎረቤታችን የወይዘሮ ሸዋዬ ልጅ ነበር፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ደህና ሰዎች። መህዲ ታሰረ፤ ዘንድሮ በአዲስ ዓመት ተፈታ። መንግሥት ፈታው እንጂ ደም አልፈታውም። የአንዷለም ታናሽ ወንድም ብርሃኑ ጠመንጃ አለው። ስለዚህ መህዲ ቤቱ አልገባም፤ ዋጃ አክስቱ ዘንድ ተሸሽጓል። ደም የሚያደርቁት የዘወልድ ሽማግሎች ለማክሰኞ ቀጥረውን ነበር። መህዲ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይገባል። ሸዋዬ ድንጋዩን ካወረደችለት ነገሩ አለቀ፤ ልጁ እንደ ሰው ይሄዳል። ካላወረደችለት አላህ ይወቅ።

ይቆይ ያልኩት ይሄን ቀጠሮ ነው። ምክንያቱም ኮከብ ነው።

በመስከረም ሳይነጋ ሱብሂ ልሰግድ ስወጣ በምሥራቅ፣ በዞብል ተራራ ላይ ጅራታም ኮከብ አየሁ። ጅራቱን ወደኛ ዘርግቷል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ጠፋ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ትናንት መግሪብ ሰግጄ ቀና ስል በምዕራብ፣ በደጋው ተራራ ላይ፣ ሌላ ጅራታም ኮከብ! የሱም ጅራት ወደኛ። በአንድ ወቅት ሁለት። ከፊትም ከኋላም ጦር። በዚህ ላይ የእርቅ መሐላ? እኔ አላስምልም። የሃምሳ ስምንቱን ኮከብ መዘዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

"ሁለት አይደለም አባባ፣ አንድ ነው" ትላለች ጸሐፊዋ።

አልጠየቅሁሽም። ይሄንንም ጻፊው።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ነበር።

ሁለቱ በጎች ግንዱ ላይ ታስረው ይጮሃሉ። አንዱ በኛ እጅ፣ አንዱ በነሱ እጅ የሚታረድ ነበር፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም ማዕድ እንዳይጎድል። ሳቢራ፣ የሟች ልጄ ሚስት፣ የመህዲና የኢስራ እናት፣ ለበጎቹ ሳር ሰጠች። ለኔ ቃል አልሰጠችኝም። ከግድግዳው ወዲያ ግን ለራሷ ስታወራ ድምጿ መጣ፤ "ሽማግሌው ሰማይ ሲያይ ልጄ በሰው ቤት አረጀ።"

አልሰማሁም። ጆሮዬ ደክሟል፤ አገር ያውቀዋል።

ማታ ከኢስራ ጋር ተሟገትን። እሷ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የዓለማትን አናት ነው። ምድርን፣ ሌሎቹን ፕላኔቶች፣ ጨረቃዎቻቸውን፣ ጅራታም ኮከቦችን ጎን ለጎን ታቆምና አየራቸው ከላይ፣ መጨረሻው ጋ፣ ምን እንደሚሆን ታስተያያለች። ሰው ገበያ ወጥቶ በሬ ከበሬ እንደሚያስተያይ።

"አየር አይታይ፣ ምኑን ነው የምታስተያዪው?" አልኳት።

"ማን እንደያዘ፣ ማን እንደለቀቀ" አለች።

ፀሐይ የምትልከው ብርሃን ብቻ አይደለም አለች። ነፋስም ትልካለች፤ ዓይን የማያየው፣ ሌት ተቀን የማያቆም። ያ ነፋስ የዓለማቱን አናት ይልጣል። ምድር የማይታይ አጥር አላት፣ እንደ ማግኔት ያለ፤ ነፋሱን ዘወር ታደርገዋለች። ማርስም ድሮ አጥር ነበራት። ጠፋ፤ አየሯም ተከትሎት ሄደ፤ ዛሬ የቀራት ጭላጭ ነው። ቬኑስ እንዲያ ያለ አጥር የላትም፤ አየሯ ግን ከባድና ወፍራም ነው፣ ቢላጥም አላለቀም። ሳተርን ታይታን የምትባል ጨረቃ አለችው። ጨረቃ ሆና የራሷ ወፍራም አየር አላት፤ ከፀሐይ ርቃ ብርድ ውስጥ ተቀምጣ ይዛ ቆየች።

"ጅራታም ኮከብስ?"

"እሱ የቆሸሸ በረዶ ነው አባባ። ሩቅ ሳለ አየር የለውም። ፀሐይ ስታገኘው ይተናል፤ ትንሽ ስለሆነ የተነነውን መያዝ አይችልም። ይወሰድበታል። ጅራት የምንለው ያን የሚወሰደውን ነው።"

ደህና ተረት ነው አልኳት። አጥር ያለው ቤት፣ አጥሩ የፈረሰበት ቤት፣ ያለ አጥር ጎተራው የሞላ ቤት፣ ከመንደር ርቆ የተቀመጠ ቤት። ገባኝ። እኔ የጠየቅሁት ግን ጅራቱ ለምን ወደኛ እንደሆነ ነው።

"ወደኛ አይደለም" አለች፤ ደርቃ። እኔን ነው የመሰለችው።

የሃምሳ ስምንቱን ነገርኳት። ያኔ ጎረምሳ ነኝ። አባቴ ከባላጋራዎቹ ጋር ጅራታም ኮከብ ሰማይ ላይ ቆሞ ሳለ ተማማለ። መሐላው ዓመት አልደፈነም፤ አጎቴን እዚያው ቦይ ላይ ገደሉት። ከዚያ ረሃቡ መጣ።

"ረሃቡ የመጣው ዝናብ ስለቀረ ነው።"

"ዝናቡን ማን አስቀረው?"

አንገቷን ደፋች። ያሸነፍኳት መስሎኝ ነበር። ለካ እየጻፈች ነው።

ጥቅምት 8፣ አርብ

በጥድፊያ። ብርሃን አልቋል።

ከጁምዓ በኋላ ጎብዬ ደርሼ ነበር። ሻይ ቤት። ብርሃኑ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል፤ አላየኝም። ላጠገቡ ሰው እንዲህ አለ፤ "ኮከብ ምን አገባው? ልጁን እስኪያሸሹ ነው። ያሸሹታ። መንገድ ሁሉ የማን እንደሆነ አያለሁ።"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ፈርቶ ነው እንዳትዪ፤ ስኳር አብዝተውበት ነው።

አልጋዬን ደጅ አውጡልኝ አልኩ። በሩ ሥር። ቤት ውስጥ ሙቀት ነው። ዱላዬም አጠገቤ ይሁን። ለጅብ።

"ጥቅምት እኮ ነው አባባ፣ ሌሊቱ በርዷል" አለች ኢስራ።

እኔን ሞቆኛል።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

መህዲ ደወለ። ስልኩን ሳቢራ ከጆሮዬ ጋር ያዘችልኝ።

"አባባ፣ እንደምን አሉ?"

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"ዱቄት ሆኛለሁ። አክስቴ ሰው ሲመጣ ጓዳ ታስገባኛለች። እስር ቤት እንኳ ፀሐይ እሞቅ ነበር። ጤፉ ታጭዷል አይደል? ልምጣና ላበራይ።"

"አትመጣም።"

"እስከ መቼ?"

"ኮከቡ እስኪሄድ።"

መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። "ዳኛው እንኳ ሲፈርድብኝ ቀኑን ነግሮኛል አባባ" አለና ዘጋ።

ሳቢራ ስልኩን ይዛ ቆመች። "አንድ ቃል አይጨምሩለትም ነበር? አብሽር፣ አይዞህ ቢሉት ምን ነበረ?" አለችኝ።

እኔ ቃል አላበዛም። ኖሬም አላበዛሁም።

አብሽር ማለት ይቻል ነበር። አይ፣ ይሄን አትጻፊ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ብዙ ነው የምለው። መብራት አቅርቢ።

ቡንኙን፣ ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ፣ አበራይተን ማዝራት ጀመርን። እኔ አላዘራም፤ ወገቤ እምቢ ካለ ቆየ። ዳር ተቀምጬ አዛለሁ። ጠዋት ነፋሱ ከዞብል መጣ። ሠራተኛው በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፣ እብቁ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ። ከሰዓት ነፋሱ ዞረና ከደጋው ወረደ። እብቁ ወደ ምሥራቅ ሄደ። አውድማው ያው ነው። ጤፉ ያው ነው። ሰውየውም ያው።

ኢስራን ጠራኋት። "ያ በመስከረም በዞብል ላይ ያየሁት፣ ይሄ አሁን ማታ የሚወጣው ነው ነው የምትዪኝ?"

"እሱው ነው። በፀሐይ ዙሪያ ዞሮ በወዲያ በኩል ወጣ።"

"ጅራቱስ?"

"ሁልጊዜ ከፀሐይ ሽሽት ነው። ነፋሱ የሷ ነው አልኩዎት እኮ።"

እብቁን ማየት ጀመርኩ። በመስከረም ፀሐይ ከዞብል ሥር ነበረች፣ ልትወጣ። ስለዚህ ጅራቱ ከሷ ሸሽቶ ወደ ላይ፣ ወደኛ አናት። አሁን ማታ ፀሐይ ከደጋው ተራራ ሥር ናት፣ ገብታ። ስለዚህ ጅራቱ አሁንም ከሷ ሸሽቶ ወደ ላይ፣ ወደኛ አናት። ጦር የወረወረብን የለም። እብቅ ነው።

"ከዋጃ ሆኖ የሚያየው ሰው ወዴት ነው የሚለው?" አልኳት።

"ወደኔ ይላል።"

"ከሸዋዬ ደጅስ?"

"እሷም ወደኔ ትላለች።"

ውሃ ስጡኝ አልኩ። ጠጣሁ። ሌላ አመጡልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ።

ልጅቱ ቀና ብላ አታየኝም፤ ትጽፋለች። ተሳስቻለሁ አላልኩም። እንዳላልኩ ጻፊ። ያልኩት፣ ቀኑ ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም ነው። ኮከቡ እያለ ይሁን።

ሃምሳ ስምንትስ? አጎቴስ? ሲመሻሽ ስለሱ ሳስብ ነበር። የገደሉት ሰዎች ከመሐላው በፊትም ቦዩን ይፈልጉት ነበር። ይሄን ያኔም አውቅ ነበር መሰለኝ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

የሽማግሎቹ አውራ አለሙ ቤት ሄድኩ። አብረን ነው ያደግነው።

"እሁድ አድርጉልኝ" አልኩት።

"ምኑን?"

"እርቁን ነዋ!"

"ኮከቡ አልሄደም እኮ ሙህሲን። ትናንት ማታ እንኳ አየሁት፤ ደብዝዟል እንጂ አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?" ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። "አንተ ሰውዬ፣ አገር ፊት 'ይቆይ' ስትል የተናገርከውን ታስታውሳለህ? 'በዚህ ሰማይ ሥር የሚምል የራሱን ጎጆ ያቃጥላል' ብለሃል። የሟች ወገን ተናቅን ብሎ ተቀይሟል። አሁን እኔ ሄጄ 'ሙህሲን ሰማዩን ታረቀው' ልበላቸው?"

"በላቸው።"

"አልልም። አፍህ ያበላሸውን በአፍህ አስተካክል። ሸዋዬ ቤት ነገ ጤፍ ያዘራሉ። አውድማ ላይ ሂድ።"

አውድማ ላይ ሂድ ማለቱ ብልጠቱ ነው። አውድማ ላይ ጫማ አይገባም፣ ጠመንጃ አይገባም፣ ክፉ ቃል አይገባም። ለመጣ ሰውም ፊት አይነሳም፤ በረካው ይሸሻል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይሄን ደንብ ያከብራል።

በሬዬን ይሽጡብኝ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አያስደርጉኝ። ግን እሄዳለሁ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ኢስራ ካልተከተልኩ አለች። ከሩቅ ቁሚ አልኳት፤ አልቆመችም።

ሸዋዬ ከዳር፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ጠመንጃው እዚያው ግራሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ከራሷ በላይ። ብርሃኑ መንሽ ይዞ አውድማው መሀል ነው። አየኝ። እጁ ቆመ። ጠመንጃውን አየ። እኔንም አየ። እኔ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ዱላዬን ዳር ጣልኩና ገባሁ።

"በረካ ያድርገው።"

ጤፉ ከእጁ እስኪወርድ ጠበቅሁ። ደንቡ አነቀው።

"አሜን" አለ፤ ጥርሱን ነክሶ።

"ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ኮከቡን አይተሽዋል?"

"ማን ያላየ አለ?"

"ጅራቱ ወዴት ነው?"

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። "ወደኔ ደጅ ነው አባ ሙህሲን። በአንዷለም መቃብር ላይ አልፎ ወደኔ ደጅ። ቀኑ ሲተላለፍ ለምን ዝም ያልኩ ይመስልዎታል? ብርሃኑ ተናቅን ይላል። እኔ ግን ፈርቼ ነበር።"

ይሄን አልጠበቅሁም። ያን ሁሉ ቀን ያ ጦር የኔ ብቻ መስሎኝ።

ብርሃኑን "መንሹን ስጠኝ" አልኩት። ወገቤን ረሳሁት። አንድ ጊዜ በተንኩት፤ እብቁ ሄደ። "ነፋሱ ከዚያ ነው፣ እብቁ ወደዚህ" አልኳቸው። "ነፋሱ ቢዞር እብቁም ይዞራል። ኮከቡም እንዲሁ ነው፤ ነፋሱ ፀሐይ ናት። ማንንም አልጠቆመም። የሁላችንም አናት ላይ ነው።"

ብርሃኑ እብቁን አላየም። እኔን ነው የሚያየው። "እና? ተሳስቻለሁ ነው የሚሉት?"

ኢስራ ከኋላዬ ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ። ጆሮዬ ለዚህ ጊዜ ይሠራል።

"ተሳስቻለሁ" አልኩ።

"አገር ፊት ይሉታል?"

"አገር ፊት።"

"ልጅዎም ድንጋዩን ተሸክሞ በግንባሩ ይመጣል?"

"በግንባሩ ይመጣል።"

ሸዋዬ ተነሳች። "እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ" አለች። ብርሃኑ መንሹን ከእጄ ተቀበለ። ቀስ ብሎ ነው የተቀበለኝ።

ስንመለስ ኢስራ "አልከበደዎትም አባባ?" አለችኝ። ወገቤ ነው የከበደኝ አልኳት።

ጥቅምት 15፣ አርብ

መህዲ የለም።

አክስቱ ከዋጃ ደወለች። ትናንት ጠዋት ወጥቷል። ከሦስት ልጆች ጋር፣ ከደላላ ጋር። በአፋር በኩል፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሳዑዲ። ስልኩ ዝግ ነው።

ትናንት ጠዋት። እኔ ጫማዬን ሳወልቅ።

ሳቢራ አልጮኸችም። በጎቹን ፈትታ ወደ ሣር ነዳቻቸው።

ኢስራ ብዕሩን ጥላ ወጣች። ቆይታ ተመለሰች፤ ዓይኗ አብጧል። ጻፊ ሳልላት ጻፈች።

"ያቺ ማርስ" አልኳት፣ "አጥሯ ከፈረሰ በኋላ አየሯ ባንድ ቀን ነው የሄደው?"

"አይ አባባ። በጥቂት በጥቂቱ።"

"ማንም ሳያይ?"

"ማንም ሳያይ።"

ጠዋት ጓዳ ሲገባ። ማታ ጓዳ ሲገባ። እኔ ደጅ ተኝቼ በር ስጠብቅ። በየትኛው በር ሊወጣ ኖሯል?

አብሽር አላልኩትም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አለሙ መጣ። "ለሌላ ጊዜ እናድርገው፤ በዳይ በሌለበት ምን እርቅ አለ?" አለኝ።

ሌላ ጊዜ የሚባል ቃል ከንግዲህ ቤቴ አይገባም አልኩት።

ድንጋይ መርጫለሁ። ከቦዩ አፍ።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

የእርቁ ቦታ፣ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። እነሱ በወዲያ፣ እኛ በወዲህ፣ ሽማግሎቹ መሀል። አለሙ ተነስቶ "በዳይ ወዴት ነህ?" ሲል ጮኸ። ሁሉም ያውቃል፤ ግን መጠየቅ ደንብ ነው።

ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ተነሳሁ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሰው አጉረመረመ። አንዱ "ሽማግሌ ድንጋይ አይሸከምም፣ ነውር ነው" አለ። ይበል።

"የደሙ ጥፋት የመህዲ ነው፤ ታስሮበታል" አልኩ። "ኮከብ አየሁ ብዬ ቀኑን ያሳለፍኩት ግን እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ቀኑ ባያልፍ ዛሬ እዚህ የሚንበረከከው እሱ ነበር። በግንባሩ ይመጣል ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ቃሌ አልደረሰበትም። የተሸከምኩት የራሴን ነው። አፉ በሉኝ።"

ተንበረከክሁ። ጠጠሩ ጉልበቴን ወጋኝ። የሸዋዬ እግር መጥቶ ፊቴ ቆመ። ቀና አልልም፤ አይባልም። እግሯን ብቻ ነው የማየው፤ አቧራ ለብሷል። ድንጋዩ አንገቴን እየበላው ነው። አታወርድልኝም ብዬ ቆረጥኩ። ባታወርድም እውነት አላት።

"የኔ ልጅ አይመለስም" አለች። "የርስዎ ይመለሳል?"

"አላውቅም እህቴ።"

"እንግዲያ ሁለታችንም በር እንጠብቃለን።"

እጇ ድንጋዩን ያዘ። ከበዳት። ሌላ እጅ ተጨመረ፤ ወፍራም፣ እብቅ ጣቶቹ መሀል ያለበት። ብርሃኑ ነው። አብረው አወረዱት። ዱዓውም ጸሎቱም ተደረገ፤ ሁለቱም በጎች ታረዱ። ብርሃኑ "ቢደውል ይንገሩት፤ መንገዱ ባዶ ነው" አለኝ። ከዚህ በላይ አላለም። አይበቃም?

መግሪብ ሰግጄ ወደ ደጋው ተራራ አየሁ። ኮከቡ ለኔ ዓይን የለም። ኢስራ በስልኳ አንስታ አሳየችኝ፤ ጭስ የመሰለች ጭረት። "እየሄደ ነው" አለች፤ "ይሄ የሚመለስ አይመስልም።" አንዳንዱ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "አንዳንዱ ይመለሳል" አለች።

ሳቢራ ስልኩን በየጊዜው ትሞክራለች። ዝግ ነው። ስለዚህ ኢስራ፣ መልእክት ጻፊ፤ የከፈተ ቀን ያገኘዋል። እንዲህ በይ፤ መህዲ፣ ድንጋዩ ወርዷል። ኮከቡ እያለ ነው የወረደው። ቡንኙን አስገብተናል፤ ማሽላው ያንተን እጅ ይጠብቃል። አብሽር። ሁለት ጊዜ ጻፊው። አብሽር።

አሁን አልጋዬን ወደ ቤት አስገቡልኝ። ሙቀቱ ቀንሷል።

በሩን ግን አትዝጉት።